ንፍሮዋ በቁሟ የተበላባት ሴት

ኮላ ድባ ውስጥ ሞታ የተነሳች ሴት አለች ይላሉ። የሚሉት ደግሞ አልባሌ ሰዎች አይደሉም፤ ፒያሳ ካፌ በረንዳ ላይ አንዲት ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘው አገር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ሴትዮዋ በዚያ በሽታ ሞተች፤ በነጭ አቡጀዴ ተገነዘች፤ ጥሩንባ ተነፋ፤ ንፍሮ ተበላ፤ ሬሳዋ ሊወጣ ሲል ብድግ ብላ ከአልቃሾቹ መሀል ቆማ አብራ ታለቅስ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጥላ የላትም። የወባ ትንኝ ከነከሰቻት እዚያው ክንፏን አጣጥፋ ትሞታለች። ይህን የሰሙ ተመራማሪዎች መድኃኒት መርጨቱን ትተው ሴትዮዋን ከጎጥ ጎጥ እያሳደሩ ደንቢያን ከወባ አጽድተዋል። ፈረንጆችም ሊወስዷት መጥተው አዘዞ ላይ ለፓስፖርት ፎቶ ቢያስነሷት ወንበሩ ብቻ ወጣ።

ይህን ወሬ እንዳለ ለመዋጥ ጉሮሮ ይጠይቃል። ይኸው ፒያሳ ባለፈው ክረምት በአንገረብ በኩል አንድ በሬ በሰው አፍ ተናግሮ ስለ ግብር አማረረ ብሎ ነበር፤ ቢፈለግ በሬው ቀርቶ ባለቤቱም አልተገኘ። የአዘዞው ፎቶ አንሺም ቢሆን ፊልም መክተት የሚረሳ ሰው ነው፤ በእሱ እጅ ስንቱ ሙሽራ ሳይታይ ቀርቷል። ደንቢያ ከወባ ጸዳ የሚለውን ደግሞ ከኮላ ድባ ገበያ የሚመለስ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ሲያክ ያየ ሁሉ ይፍረደው።

ሴትዮዋ ግን አለች። ብርቄ ትባላለች።

ብርቄ የደጋ ሰው ናት። የተወለደችው ከዳባት ወዲያ፣ ብርዱ ዶሮን ከቆጡ ላይ አድርቆ በሚያስቀርበት አገር ነው። ደገኛ ቆላ የሚወርደው ወይ ደም አለበት ወይ ልቡ ተሰርቋል ይባላል። የብርቄን ልብ የሰረቀው አላምረው ነበር፤ በአዲ አርቃይ መንገድ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት። ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን እንቢ ሲለው ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ድንጋይ ካጣ እግሩን ያስገባል እያሉ ያወሩለት ነበር። የቆዳ ጃኬት አለው። ያፏጫል። ፉጨቱ ዳባት ላይ ከተጀመረ የአዲ አርቃይ ውሻ ጆሮውን ያቆማል። ብርቄም ጆሮዋን አቆመች፤ ተከትላውም ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ኮላ ድባ ወረደች። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሜዳ ላይ ቤት ሠሩ። ልጅ ግን አልሰጣቸውም።

አላምረው ዘጠና ስድስት ላይ ሞተ። በምን ሞተ? በወባ። በዚያ ዘመን በዚያ መንደር ሰው በሌላ በምንም አይሞትም ነበር። መንምኖ መንምኖ ዓመት የማቀቀውም ወባ፣ ሳል አልለቀው ያለውም ወባ፣ አፉ ቆስሎ ውኃ እንቢ ያለውም ወባ። ትንኝ ምላስ ቢኖራት ጎንደር ወጥታ በስም ማጥፋት በከሰሰች ነበር። ሰውም ያውቃል፤ ያወቀውን ግን ውጦ፣ በላዩ ላይ የለቅሶ ንፍሮ እየቆረጠመ ወደ ቤቱ ይገባል።

በማግሥቱ ዓመት መድኃኒቱ ጎንደር ገባ፤ በነጻ። ብርቄ ሄዳ ተመረመረች፤ ደሟ ውስጥ ኤች አይ ቪ ተገኘ፤ ኪኒን ጀመረች። ኮላ ድባ እዚያው ደጇ ላይ ጤና ጣቢያ አለ፤ ግን እዚያ የገባች ሴት ሳትወጣ ወሬዋ ቀድሟት ቤቷ ይገባል። ስለዚህ በየጊዜው "ዘመድ ልጠይቅ" እያለች ጎንደር ትወጣለች። ዘመዶቿ ከመብዛታቸው የተነሳ ጎረቤቱ የጎንደር ግማሽ የእሷ ወገን ይመስለው ነበር።

ችግሩ አላምረው አለመሄዱ ነው። መደቡ ላይ፣ በበሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይቀመጣል። አይናገርም። ፉጨቱንም ትቶታል፤ ብርቄን የሚያስፈራት ይኸው ነው፣ የማያፏጭ አላምረው። በጠዋት ኪኒኗን በውኃ ስትውጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

"አንድ ዓመት ብትታገሥ ምን ነበረበት?" ትለዋለች። "አንዲት ዓመት እኮ ናት። ሊማሊሞን ስንቴ የቻልህ ሰው!"

እሱ ግድግዳውን ያያል። በዓል ሲደርስ ግድግዳዋን በእበት ስትለቀልቅ እሱ የሚደገፍበትን ቦታ ዘላ ታልፋለች። እዚያ ቦታ ላይ ጭቃው እንደ ኮርቻ አብረቅርቋል።

ከሚሊኒየሙ ማግሥት ኡዘይር የሚባል ወጣት ከጎንደር ትንኝ ሊያጠና መጣ። ከአባት ከአያት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የኖረ የጎንደር እስላም ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ልጃችን ተምሮ ተምሮ ትንኝ ለቀማ ገባ እያሉ ያዝኑበት ነበር። ማወቅ የፈለገው ዲዲቲ እየተረጨ ወባው ለምን እንደማይቀንስ ነው። የደንቢያ ትንኝ ዲዲቲን እንደ ሽቶ ተቀብታ ሰርግ የምትሄድ ናት ቢሉትም ሳይንስ ሬሳ ካላየ አያምንም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ የሰው ቤት ይገባል። ዕቃውና ምግቡ ተጠራርጎ ይወጣል፤ ወለሉ፣ መደቡ፣ ጎታው ሁሉ በነጭ አቡጀዴ ይሸፈናል፤ በርና መስኮት ተዘግቶ ፍሊት ይረጫል፤ ውጭ ሆኖ ትንሽ ይጠበቃል፤ ከዚያ ተገብቶ ጨርቁ ላይ የረገፈው ትንኝ በወረንጦ ይለቀማል። አቡጀዴው የሚመጣው ከኡዘይር አጎት ሱቅ ነው፤ ጎንደር ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳውን የሚጠቀልልበት ጨርቅ ከሚቆረጥበት ከዚያው ጣቃ።

ብርቄ ቤቷን ለጥናቱ ፈቀደች። ኡዘይርም ሊጠይቃት ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እትዬ ብርቄ፣ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ያድራል?"

"ሁለት።"

ኡዘይር አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። መደቡ ባዶ ነው።

"ሁለተኛው ሰው መንገድ ሄዶ ነው?"

ብርቄ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ "አንድ በል። አንድ ይሻላል" አለችው።

ኡዘይር ሥራውን ለቀበሌው አስታውቋል። ቀበሌውም ሰምቷል፤ ሰምቶም ቁጭ ብሏል። በዚያ መንደር አንድ ነገር ተነገረ የሚባለው ለአያ በላቸው ሲነገር ነው። አያ በላቸው የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጥሩንባውንም ለማንም አምነው ስለማይሰጡ ራሳቸው ይነፉታል። ሳንባቸው የወናፍ ያህል ነው፤ እሳቸው ኮላ ድባ ላይ ሲነፉ ጎርጎራ ያለው ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይጥላል። ለእሳቸው ማንም አልነገራቸውም።

በዚያ ሳምንት ብርቄ ታማ ተኝታ ነበር። ያውም፣ ቀልድ የለበትም፣ በወባ። ብርድ ብርድ የሚል፣ የሚያንዘፈዝፍ፣ ጥርስ የሚያፋጭ እውነተኛ ወባ። ጎረቤት ምን ሆነሽ ሲላት "ወባ ነው" አለች። ጎረቤቱም እርስ በርሱ ተያየ፤ "ወባ ነው" ማለት በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃላ።

ተሽሏት በተነሳች ማግሥት ኡዘይርና ባልደረቦቹ ጎህ ሲቀድ መጡ። ብርቄ ድስትና እንስራዋን፣ ሊጧንና ዶሮዋን ሰብስባ ከቤቱ ጀርባ ወደ ጓሮው ዞረች። በዚህ ሰዓት እቴነሽ ከኪዳን ስትመለስ በአጥሩ በኩል አለፈች። እቴነሽ የአገሩ አልቃሽ ናት፤ ሙሾዋን ሲሰማ ሬሳው ራሱ ሆዱ ይባባል ይሏታል። ቆማ አየች። የብርቄ ዕቃ ደጅ ወጥቷል። ብርቄ የለችም። አፋቸውን በጨርቅ የሸፈኑ ሰዎች ሙሉ ጣቃ ነጭ አቡጀዴ ይዘው ገቡ። ከዚያ ወጡ፤ በሩን ዘጉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አንገታቸውን የደፉት ሰዓታቸውን ለማየት ነበር። ለእቴነሽ ግን ከዚህ በላይ ምን ሊነገራት!

"ወይኔ ብርቄ! ወይኔ እህቴ!"

ያቺ ጩኸት መሬት ሳትደርስ አያ በላቸው ጥሩንባውን አንስተዋል። ገበሬው ሞፈሩን ጣለ። ሴቱ መቀነቱን አጠበቀ። የእድሩ ጋን ውኃ ተሞላ፤ ባቄላና ስንዴ ተቀላቅሎ እሳት ላይ ተጣደ። ኡዘይር አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ፈትቶ፣ "አልሞተችም! ትንኝ ነው የሞተው! ትንኝ!" ብሎ ቢጮህ፣ አንዱ ሽማግሌ ትከሻውን እየደባበሱ፣ "አይዞህ ልጄ፣ ሁሉም እንደየሃይማኖቱ ያጽናናል" አሉት።

ብርቄ ጓሮ ሆና ጥሩንባውን ሰማች። ማን ሞተ ይሆን አለች። የእድር ልጅ ናት፤ ጥሩንባ ተነፍቶ ዶሮ አቅፋ አትቀመጥም። ዶሮዋን ለቀቀች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ፊቷን ተሸፋፍና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ከአልቃሾቹ መሀል ገባች፤ ማንነቱን ላላወቀችው ሟች ከልቧ ታለቅስ ጀመር። እቴነሽ ደረቷን እየደቃች ታወርዳለች፦

ወባ ነው እያለች ስንቱን ዓመት ቻለች፣
የባሏን በሽታ ለብሳው ተከተለች።

"እውነት ነው፣ እውነት ነው" አለ ሕዝቡ። ብርቄም "እውነት ነው" አለች። ይቺ ምስኪን ማን ትሆን እያለች አነባች። እቴነሽ ቀጠለች፦

አፈሩን አቅልሉት፣ ድንጋይ አትጫኗት፣
በቁሟ ሳለች ነው እኛ የቀበርናት።

"እህህ፣ ብርቄ! አላምረው ወሰደሽ!"

ብርቄ ስሟን ሰማች። እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆመ። ዞር ብላ ቤቷን አየችው፤ በሩ ዝግ ነው፣ ዕቃዋ ደጅ ነው፣ በመስኮቱ ንቃቃት ነጩ ጨርቅ ይታያል። ያኔ መናገር ነበረባት። "አለሁ" ማለት አንዲት ቃል ናት። አልወጣትም። ይህ ሁሉ ሰው፣ ያውም እቴነሽ፣ ያውም አያ በላቸው፣ እንዴት አንድ ላይ ይሳሳታል? ምናልባት የማታውቀው እሷ ትሆናለች። ምናልባት አላምረውም የሞተ ዕለት እንዲሁ ነበር፤ ከሰው መሀል ቆሞ የራሱን ለቅሶ ሰምቶ፣ አለሁ ማለት አቅቶት፣ መደቡ ላይ ሄዶ የተቀመጠ።

ነጠላዋ ከፊቷ ተንሸራተተ። በስተቀኟ የቆመችው ሴት አየቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቆጥሮ የጨረሰ የለም። አጥሩን በአንድ ዝላይ ያለፉ ባልቴት ነበሩ፤ ከዚያ ቀን በፊት በምርኩዝ ነበር የሚሄዱት። አንድ ዲያቆን የኩበት ክምር ውስጥ ገብቶ ውዳሴ ማርያም ሲደግም እስከ እኩለ ቀን ቆየ። አያ በላቸው ከድንጋጤ ጥሩንባውን ደግመው ነፉት። በዚህ መሀል ኡዘይር ሰዓቱ ደርሶ በሩን ከፈተና ወረንጦውን ይዞ ገባ፤ ሥራ ሥራ ነው።

አልሞተችም የሚለው ነገር ያን ቀን ተነግሮ ነበር። ተነግሮም፣ ተብራርቶም፣ ተምሎበትም ነበር። ንፍሮው ግን በስሏል። የለቅሶ ንፍሮ አይደፋም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እየፈሩም፣ እያማተቡም በሉት። ነገሩ የተበላሸው በዚህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ታች ሰፈር ሰው ሞተ። ጥሩንባው ከደጅ ደጅ እየዞረ መጣና ብርቄ ደጅ ሲደርስ ዝም አለ፤ አልፎ ቀጣዩ ደጅ ላይ እንደገና ተነፋ። ብርቄ እየሮጠች አያ በላቸው ላይ ደረሰች።

"አያ በላቸው፣ ምነው? ምነው ጥሩንባውን ደጄ ላይ ዋጡት?"

አያ በላቸው ዓይኗን ላለማየት የጥሩንባውን አፍ በጋቢያቸው ይጠርጋሉ። "ብርቄ፣ እኔ ምን ላድርግሽ። ደንብ ነው። እድርተኛ አንዴ ይለቀስለታል። ተለቀሰልሽ። ንፍሮሽም ተበላ።"

"በቁሜ ነዋ የበላችሁት!"

"ይሁና። ባቄላው ተመልሶ ጥሬ አይሆንም።"

"እና ነገ ስሞት ማን ይቀብረኛል?"

አያ በላቸው አማተቡ። "እሱን... አሁን እንኳ በደንብ መሞትሽን ሳናጣራ እንዴት ብዬ ልንገርሽ" አሉና ርምጃቸውን አፈጠኑ።

እንግዲህ ለዚያ አገር ሰው ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ድህነት ይቻላል፤ በሽታም ይቻላል። ቀባሪ ማጣት ግን አይቻልም። ብርቄ ለቅሶ ላይ ውኃ ልትቀዳ ብትሄድ እንስራው ከእጇ ይወሰዳል። ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጥላት ሴት ሳንቲሙን ከእጇ አትቀበልም፤ "እዚያ መሬት ላይ አስቀምጪው እታለም" ትላታለች። ሰላምታ ስትሰጥ ሰዉ መልሱን ለግራና ለቀኝ ይሰጣል። እየዋለ እያደረ እሷም ድምፅዋን ስትሰማ ትደነግጥ ጀመር። ውኃ ውስጥ ፊቷን ለማየት ጎንበስ ትልና ዓይኗን ጨፍና ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ለሞተ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል አለች። መልሳ ከተተችው። ቀና ስትል አላምረው ፊቱን አላዞረም። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ መደቡ ላይ ጠጋ አለና ቦታ ለቀቀላት።

በማግሥቱም አልዋጠችም። በሦስተኛውም። እሱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠጋ ይላል።

በዚህ መሀል የኡዘይር ጥናት ተራ ደርሶ እንደገና መጣ። አሁን ተምሯል፤ ከአያ በላቸው ቤት ጀምሮ ደጅ ለደጅ ዞሮ "ነገ ብርቄ ቤት ነጭ ጨርቅ ብታዩ ለትንኝ ነው፣ በአላህ አታልቅሱ" ብሏል። ማንም አላለቀሰም፤ የሚያለቅሱላት ቀድመው ስለጨረሱ። ጨርቁ ተነጠፈ፤ ፍሊቱ ተረጨ፤ በሩ ተከፈተ። ብርቄ ተከትላው ገባችና ከበሩ ቆመች። መደቡ በነጭ ተሸፍኗል። አላምረው የሚቀመጥበት ጫፍ ላይ ጨርቁ ጉብ አላለም፤ እንደተዘረጋ ነው።

ኡዘይር ተንበርክኮ ይለቅማል። አንዷን በወረንጦው ጫፍ ይዞ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገ። "አጀብ! ይቺስ ጠግባለች። እትዬ ብርቄ፣ ማታ ከእርስዎ ሌላ ማን አድሯል እዚህ?"

ብርቄ መደቡን አየች። "እኔ ብቻ" አለች።

"ከብትስ?"

"ዶሮም ሸጬ ጨርሻለሁ። እኔ ብቻ ነኝ።"

"እንግዲያ ይህ የእርስዎ ደም ነው። ሆዷን ይዩት፣ ቀይ ነው። ማታ የጠጣችው።"

ብርቄ ተጠጋች። ከእሱ ጎን ጨርቁ ላይ ሌላ አንዲት ሆዷ የተነፋ ወድቃለች። ኡዘይር "ይተዉ!" ሳይል በጣቷ ጫፍ ጫነቻት። ነጩ አቡጀዴ ላይ ቀይ ነጥብ ወጣ።

"አንተ ልጅ፣ ሙት ሰው ደም አለው?"

"ከየት አምጥቶ?"

"ትንኝስ ሙት ትነክሳለች?"

"እትዬ፣ ትንኝ የሰው ትንፋሽና ሙቀት ተከትላ ነው የምትመጣው። ለሙት ምን ሥራ አላት?"

ብርቄ ነጥቡን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ "ይህን ጨርቅ እስከ እሑድ አውሰኝ" አለች።

እሑድ እድሩ ዋርካው ሥር ይሰበሰባል። ብርቄ ስትመጣ ሰዉ እንደ ዶሮ ጫጩት ግራና ቀኝ ተበተነ፤ አያ በላቸው ግን ዳኛ ስለሆኑ መሸሽ አልቻሉም። አቡጀዴውን ፊታቸው ዘረጋችው። ኡዘይርም አብሯት መጥቶ ከኋላ ቆሟል።

"አያ በላቸው፣ ይቺን ነጥብ ያዩዋታል?"

"ዓይኔ ደክሟል፣ ግን ቀይ ትመስላለች።"

"ደሜ ናት። ትንኝ ናት የጠጣችው፤ ከቤቴ፣ ከእኔ። እኔ ከሌለሁ ይህ የማን ነው?"

ከወደ ኋላ አንዱ፣ "እሱስ ይሁን፣ ግን የምን ደም ነው? እሷን የነከሰች ትንኝ እኛንም ብትነክስስ?" አለ። ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ክንዱን ማከክ ጀመረ። ብርቄ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። አራት ዓመት ያህል የጎንደርን ግማሽ ዘመድ ያደረገችው ይህቺን ጥያቄ ፈርታ ነው። አሁን ግን በአንድ ወገን ይህች ጥያቄ፣ በሌላ ወገን መደቡ ላይ የተለቀቀው ቦታ አለ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

"ደሜ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ" አለች። "የአላምረውም ነበረ። ወባ አልነበረም። ኤች አይ ቪ የሚኖረው ደግሞ በሚኖር ሰው ነው፤ በሙት አይኖርም። እቴነሽ፣ ሙሾሽ ልክ ነበር፤ ሞተች ያልሽው ብቻ ነው የተሳሳተ።"

ቃሉ በዚያ መንደር ጮክ ተብሎ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ከዋርካው ቅጠል ረገፈ የሚሉ አሉ። ኡዘይር ወደ ፊት መጣና የትንኝን ነገር አስረዳ፤ ትንኝ ይህን በሽታ ከሰው ወደ ሰው አታጋባም፣ የጠጣችውን ደም እንደ ምግብ ትፈጨዋለች፣ ቫይረሱም ሆዷ ውስጥ ያልቅለታል፣ አለ። አያ በላቸው ግን በሌላ በኩል ነው የገባቸው።

"እንዲህማ ባይሆን" አሉ ቀስ ብለው፣ "እኔን ያልነከሰች ትንኝ ደንቢያ ውስጥ አለች? እስካሁን አልቄ ነበር።"

ክርክሩ ግን ቀጠለ። የተበላ ንፍሮ እንዴት ይመለስ? አንዱ ብርቄ ለሁሉም ደግማ ትቀቅል አለ፤ ሌላው እንደ ተዝካር ይቆጠርላት አለ፤ አንዱ ደግሞ ሰው ሁለት ጊዜ የማይለቀስለት ከሆነ ጌታ ለምን አልዓዛርን አስነሳ ብሎ ጉባኤውን ወደ ትርጓሜ ቤት ወሰደው። በመጨረሻ እቴነሽ ተነሳች። "ሙሾዋን ያወረድሁት እኔ፣ የማነሳውም እኔ። እንባዬ የሷ ነው፣ ሲደርስ ደግሜ አፈሳለሁ። እናንተ ለአንድ ድስት ባቄላ ምነው እንዲህ ጨነቃችሁ?" አለች። ሰዉ አፈረ። አያ በላቸውም ብርቄ መኖሯ በይፋ ይታወጅ ብለው ደጇ ድረስ ሄደው ጥሩንባውን ነፉላት። ጥሩንባው ግን የሚያውቀው አንድ ዜማ ብቻ ነው። ጉባኤው ላይ ያልነበረ ሁሉ "ደግሞ ሞተች!" ብሎ እያለቀሰ መጣ፤ መጥቶም ቆማ ሲያገኛት ደግሞ ተነሳች ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው እህል ጫኝ መኪና ላይ ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ ፒያሳም ተቀብሎ አሳደገው።

ያን ቀን ብርቄ ቤቷ ገብታ ኪኒኗን ከተሸጎጠበት አወጣች። አላምረው ከጎኑ የለቀቀላት ቦታ እንዳለ ነው።

"አልመጣም" አለችው። "ተቆጣኝ ከፈለግህ። አልመጣም።"

ዋጠች። አላምረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን በማየቷ ተመስገን አለች፤ ወዲያውም ተመስገን ማለቷ አስለቀሳት።

ከሳምንት በኋላ እቴነሽ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ወንፊቱን ይዛ ቆመች፤ አልሄደችም።

"ብርቄ፣ ያ ጎንደር ያለው ዘመድሽ..."

"እ?"

"እኔንም ያስተናግድ ይሆን?"

ብርቄ የእቴነሽን እጅ አየች፤ ክሳቱን አሁን ገና አስተዋለችው። "ሰፊ ዘመድ ነው" አለቻት። "ሁላችንንም ይችለናል።"

ዓመት ሳይሞላ ከኮላ ድባ የሚነሳው የማለዳ ሚኒባስ ዘመድ ጠያቂ ይበዛበት ጀመር። አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሆኖ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል፤ ሲመለሱም እንዲሁ።

ሁለት ሺ ዘጠኝ ላይ ብርቄ ከጎንደር ስትመለስ አዘዞ ላይ አንድ ቆብ ያደረገ የፒያሳ ሰው ተሳፍሮ ከጎኗ ተቀመጠ። ሚኒባሱ ሜዳውን እንደያዘ ሰውየው ለሾፌሩ፣ በሾፌሩም በኩል ለመላው ተሳፋሪ ያወራ ጀመር። ኮላ ድባ ሞታ የተነሳች አንዲት ሴት አለች አለ። በዚያ በሽታ ሞታ፣ ተገንዛ፣ ሦስት ቀን ቆይታ፤ ትንኝ ስትነክሳት የምትሞትባት፤ ጥላ የሌላት። አሁን ደግሞ አዲስ ነገር ጨምሯል፤ ረዳት የነበረ የሞተ ባሏ በየዓመቱ በጭነት መኪና እያፏጨ ይመጣና ደጇ ላይ ይቆማል፣ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማዋል አለ።

ተሳፋሪው ሁሉ የብርቄን ፊት ማየት ጀመረ። ሾፌሩም በመስታወቱ አያት። ሰውየው ብቻ አላየም።

"ወንድሜ፣ ሴትዮዋን አይተሃታል?" አለችው ብርቄ።

"በዓይኔ በብረቱ! እንዴት ያለች ግርማዋ የሚያስፈራ..."

"ብርቄ እኔ ነኝ።"

ሰውየው ቆቡን አወለቀ። መልሶ አደረገው።

"አልሞትሁም" አለች ብርቄ። "አልተገነዝሁም። አልተነሳሁም፤ ያልሞተ ምን ብሎ ይነሳል? ደሜ ውስጥ ኤች አይ ቪ አለ፣ ኪኒኔን እውጣለሁ፣ እኖራለሁ። ትንኝ ትነክሰኛለች፤ ነክሳኝም አትሞትም፣ በርራ አንተን ልትነክስ ትሄዳለች። ወባ ያመኛል። ጥላ አለኝ፤ ውረድና ፀሐይ ላይ እይው። ባሌ ሞቷል። መኪና አይነዳም፣ አያፏጭም፣ አይመጣም። ከተናገርኸው አንድም እውነት የለበትም።"